ስንተኛ ነው?

እናቴ ኮልፌ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ቦንዳው ሲፈታ እያንዳንዱን በጣቷ አሸት እያደረገች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላ ትለያለች፤ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም። ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘ ጊዜ ግን እኛ ልጆቿ እንደ ሕፃን ቆጠርናት። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር ሆኖ ሲመጣ ከእህቴ ጋር ተማክረን "እባጭ ነው፣ በኦፕራሲዮን ይወጣል" አልናት። እኛ ዘንድ ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም። እሺ አለች። እኔ ሞኙ አመነችን ብዬ ደስ አለኝ።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ለመነጋገር ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ይዣት ስሄድ፣ እኔን ቀድማ ላቦራቶሪ ገባችና ናሙናውን የመረመረችውን ሐኪም ያየሽውን አሳዪኝ አለቻት። ከኋላዋ ቆሜ አትንገሪያት በሚል ለሐኪሟ ራሴን ነቀነቅኩ። እድሜ ይስጣትና እንዳላየችኝ ሆና እናቴን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ ጤነኛውን አሳየቻት፤ ሴሎቹ ተራቸውን ጠብቀው ተደርድረዋል። ቀጥላ የታመመውን። እዚያ አስኳሎቹ አብጠው ጠቁረዋል፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ጤነኛ ሴል በቃ ሲባል መባዛቱን ያቆማል፣ ይሄኛው ግን አይሰማም ብላ አስረዳቻት። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች።

"ስንተኛ ነው?" አለች በመጨረሻ።

ሐኪሟ ገርሟት ዞራ አየችኝና ለእናቴ አስረዳቻት። የበቀለበትን ሥጋ አሁንም የሚመስለው አንደኛ ይባላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ መልኩ ጨርሶ የጠፋው ሦስተኛ ነው፣ እሱ ይቸኩላል። በሰውነት ውስጥ የት ድረስ እንደሄደ ደግሞ ለብቻው ይታያል።

"የእርስዎ ሁለተኛ ነው፤ ከጡትዎ አልፎ የሄደ ግን አላገኘንም" አለቻት።

"ከሁለተኛ ጋር ስሠራ ነው የኖርኩት" አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። በዚያ ሥራ አስተምራኝ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ያቺ ጥያቄ ግን ለእኔ አልመጣችልኝም። ኮራሁባት፣ በራሴም አፈርኩ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ነርሷ የስምምነት ወረቀቱን እንደተለመደው ለእኔ ዘረጋችልኝ። ከኪሴ እስክሪብቶ ሳወጣ እናቴ ከእጄ ወሰደችው።

"የሚቆረጠው የእኔ ገላ ነው፣ ልጄ።"

ወረቀቱን ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ካንሰር የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ጨርሳ ፈረመች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።