ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ግን

የምድር ባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ማዘንጊያ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ እንግሊዝኛ ለምኑም አያስፈልገውም ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌው የማታ እንግሊዝኛ ሲከፍት እየሮጠ የተመዘገበው የጣቢያዋ ስልከኛ በለጠች ስለተመዘገበች ብቻ ነው። ይህን ድሬዳዋ በሙሉ ያውቃል። እሱ ግን ማንም የነቃበት አይመስለውም።

እሑድ ዕለት እንደምንም ደፍሮ ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ወደ አቶ ተሰማ ላከ። ሰኞ አመሻሽ ድረስ ወሬ የለም። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ገብረወልድም የማታ ተማሪ ናቸውና ክፍል ውስጥ ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ ግን ዞር ብለው አያዩትም። በቃ፣ እምቢ ተብያለሁ አለ በልቡ።

መምህር ሀብተ ማርያም ሰሌዳው ላይ «አይ ሃቭ፣ በት አይ ሃቭንት» የሚለውን ጻፉ። እያንዳንዱ እየተነሣ እስካሁን ያደረገውንና ገና ያላደረገውን በእንግሊዝኛ ይናገር ተባለ። ቅመም ነጋዴዋ ሃሊሞ፣ ቀፊራ ገበያ ውያለሁ፣ ግን በርበሬዬን ሸጬ አልጨረስኩም አለች። ተጨበጨበላት።

«ጓድ ማዘንጊያ» አሉ መምህሩ።

ስለ ባቡር ያጠናው ነገር ነበረው። አፉ ግን ከዳው። «ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ግን መልስ አላገኘሁም» አለ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጎ።

በለጠች ሳትጠራ ተነሣች። በዚያው እንግሊዝኛ፣ «እኔ ለሽማግሌዎች ዶሮ ሠርቻለሁ፣ ግን አንድም አልመጣም» አለች።

የሁሉም ዓይን አቶ ገብረወልድ ላይ አረፈ። ሰውየው ላባቸውን እየጠረጉ ብድግ አሉ።

«በልቻለሁ። ተኝቻለሁ። ግን አልተናገርኩም።»

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ አለቀባቸውና በአማርኛ ተናዘዙ። አቶ ተሰማ በሚኖሩበት በከዚራ ሰፈር የባቡር ሠራተኛው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተሳስተው የጎረቤቱን በር አንኳኩ። በቀትር ፀሐይ የመጣን እንግዳ ለምን መጣህ የሚል የድሬ ሰው የለምና፣ ላጤው ጎረቤት አስገብቶ አበላቸው። እነሱም አቶ ተሰማ እስኪመጡ የሚያስተናግዳቸው ዘመድ መሰላቸው። ከምሳ በኋላ ደግሞ በድሬ ሙቀት ማን ዓይኑን ይገልጣል? ሲነቁ ነገሩ ገባቸው፤ አፍረው በየቤታቸው ገቡ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ጠመኔውን ጥለው፣ «ሰዓት እላፊ ሳይደርስ አሁኑኑ እንሂድ» አሉ። ተማሪው ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ ተነቅሎ ወጣ፤ ሃሊሞ ሳትቀር በርበሬዋን ተሸክማ ተከተለች። አቶ ተሰማ ደጃቸው ላይ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ የቀበሌ ስብሰባ የተጠራ መስሏቸው ደነገጡ።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ማዘንጊያ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቀረ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ሳቅ ይሰማል። በመጨረሻ በለጠች ብቻዋን ወጣች።

«አባባ እሺ ብለዋል» አለች። «እኔን ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

እንግሊዝኛውን ፈለገ፤ ጠፋ። ፈረንሳይኛውም ጠፋ።

«ታገቢኛለሽ?» አላት በአማርኛ።

«ዶሮው አልቋል» አለችው እጁን ይዛ ወደ ቤት እየሳበችው። «እኔ ግን አለሁ።»