የሎሚ ወፍጮና የእኔ «ሌላስ?»

እኔ በአዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረች አንዲት የቀረጥ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ስሜ ገብረወልድ፣ አገሬ ቡልጋ ነው። ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ፣ አባቴ ለቅኔ ቤት ሲያስበኝ ዕጣዬ ከጅቡቲ የመጣ ሣጥን መቁጠር ሆነ። ስለ ራሴ ብዙ የማወራው የለኝም። የማወራው ስለ ሎሚ ነው፤ የሷን ነገር ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ሎሚ እህል ፈጭታ የምታድር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ እናት ሎሚ ለማለት «አዴ ሎሚ» ይላታል። እኔ ፊት ለፊት «እመት ሎሚ» እያልኩ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እሷ እላታለሁ፤ እንደ እናቴ ናትና፣ እናቱን አንቱ የሚል የለም።

ቤቷ ከሐዲዱ ማዶ ነበር። የሁሩታ ገበሬዎች ስንዴና ገብሳቸውን በአህያ ጭነው ወደ አዳማ ያወርዳሉ፤ የባቡር ሠራተኞች ከነሱ ይሸምቱና ለሎሚ ይሰጧታል። ለአንድ ቁና የብር ሽራፊ የሆነች አንድ መሐለቅ ታስከፍላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ተንበርክካ መጅ ገፍታለች፤ ጉልበቷ አብጦ የሕፃን ራስ አክሏል። ሲብስባት ሶደሬ ትወርድና ፍል ውሃው ውስጥ ትነክረዋለች፣ ሲሻላት ተመልሳ ትንበረከካለች።

አንድ ቀን ደሊል የሚባለው የሐረር ሰው፣ ሱቁ ከጣቢያው ፊት ለፊት የነበረው፣ ሥዕል ያለበት ወረቀት አሳያት። በእጅ የሚዞር የብረት ወፍጮ ነው። ፈረንጅ አገር ተሠርቶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል።

«በዚህ ሰው ቆሞ ነው የሚፈጨው?» አለችው።

«ቆሞ ነው» አላት።

ደሊል ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር፤ እሷ ግን «ቆሞ» ከሚለው ቃል ወዲያ አልሰማሁም ብላ ኋላ ነግራኛለች። ሁለት ዓመት መሐለቅ በመሐለቅ አጠራቀመች፣ ያለቻትን አንዲት ላም ሸጠች፣ ከጎረቤት የጎደለውን አሟላች። ወፍጮው ጥቅምት ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. በባቡር አዳማ ገባ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ቀረጥ የሚቆረጥበት በወጣበት ዋጋ ልክ ነው፤ ከአሥር አንድ። ዋጋውን የሚናገር ፋክቱር የሚባል ወረቀት አለ፤ እሱን ይዞ የቀረበ ነጋዴ ብዙ አይጨቀጨቅም። የሎሚ ፋክቱር ግን ከደሊል ዕቃ ወረቀቶች ጋር ድሬዳዋ ላይ ጠፋ። ወረቀት የሌለው ሰው «ንግሥት ትሙት» ብሎ ይምልና ያወጣውን ወጪ በአፉ ያስመዘግባል።

እዚህ ላይ የቤታችንን ገመና ላውጣ። በአፉ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ሁሉ ግማሹን ነበር የሚናገረው። ሹማችን ባላምባራስ ንዋይ ይህን ስለሚያውቁ፣ የተነገረውን ሁሉ እጥፍ አድርገው ቀረጡን ይቆርጡ ነበር። በደንቡ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም። ነጋዴው ይዋሻል፣ ሹሙ መዋሸቱን ያውቃሉ፣ ነጋዴውም ማወቃቸውን ያውቃል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። እውነቱም በሁለቱ መሐል በሰላም ይኖራል።

የእኔ ድርሻ «ሌላስ?» ማለት ነበር። ባላምባራስ ያስተማሩኝ ነው። ነጋዴው ዋጋ ሲናገር ቀና ብዬ «ሌላስ?» እለዋለሁ፤ እሱ ይምላል፣ ይገዘታል፣ አንድ ሁለት ብር ይጨምርልኛል፣ ደስ ይለናል። ቀልድ የመሰለ ሥራ ነበር።

ደሊል ወደ ድሬዳዋ ከመሄዱ በፊት ሎሚን መክሯታል። «ወፍጮው አርባ ሁለት ብር ነው፤ አንቺ ሃያ አንድ በይ፤ ቀረጡ ከአራት ብር ብዙም አያልፍም» ብሏታል። እሷም አምስት ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

«አካም ቡልተ፣ ጌታው» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመት ሎሚ። ይማሉ።»

እጇን አነሳች። «ንግሥት ትሙት፣ ያወጣሁትን አልደብቅም» አለች። ከአፏ ሲወጣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ስንቱን ነጋዴ ሲምል ሰምቻለሁ፣ እጁ የተንቀጠቀጠ ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት። ያኔ ብዕሬን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

«ወፍጮው አርባ ሁለት ብር» አለች። ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን። «የባቡሩ ስድስት።»

ጻፍኩ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሳላስብ «ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ... ወንድሜ ሆራ ሣጥኑን ለማየት ድሬዳዋ ሄዷል። መሳፈሪያና ስንቁ አምስት ብር።»

«ሌላስ?»

«ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። መርከብ ላይ ተጫነ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ጃንጥላ ገዝቼ ላክሁ። አሥራ ሁለት ብር።»

ይኸ የዕቃው ወጪ አይደለም ማለት ነበረብኝ። የዲያቆን አፌ ግን የስለትን ነገር ወጪ አይደለም ለማለት አልደፈረም። ጻፍኩት። ከዚያም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም «ሌላስ?» አልኩ።

«የቤቴ በር ጠባብ ነው፣ ወፍጮውን አያስገባም አሉኝ። በሩን አሰፋሁ፣ መቆሚያውንም አናጢ ሠራልኝ። አምስት ብር።» ትንሽ አሰበችና በአፏ ሳይሆን በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ኋላ በአፏም ጨመረችው። «ሁለት ዓመት የፈጨሁበትን ጉልበቴንስ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ?»

«እሱ አይጻፍም፣ እመት። ብሩን ብቻ።»

«እንግዲያ ይኸው ነው።»

ሰባ ብር። መዝገቡን ይዤ ወደ ባላምባራስ ገባሁ። ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውም እሳቸውን አይመለከትም፣ ከማንም አይበሉም ነበር። መዝገቡን አዩና እንደ ልማዳቸው በቀይ ቀለም አንድ መቶ አርባ ብለው ጻፉበት። ቀረጡ አሥራ አራት ብር ሆነ።

«ጌታዬ፣ ይህች ሴት እውነቷን ነው የተናገረችው» አልኩ።

«በምን አወቅህ?»

«እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።»

«እጅ የሚመዝን ሚዛን አለህ? እኔ የለኝም። ለእሷ እጥፉን ባነሳ፣ ነገ ነጋዴው ሁሉ እጁን እያንቀጠቀጠ ይመጣል።»

«እንኪያስ ጃንጥላውና በሩ ይቀነስ። የዕቃ ዋጋ አይደሉም።»

«አንተ ለምን ጻፍከው?»

መዝገቡን መልሼ አየሁት። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምላ ያስመዘገበችውን ብንቀንስ በሐሰት ማለች ማለት ነው። በሐሰት የማለ ሰው ዕቃው ይወረሳል። ሰባውን ብትይዝ ይሻላታል፣ ልጄ» አሉኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። እኔ ደግሞ ንጉሥ እንኳ አልነበረም የገጠመኝ፣ የገዛ እጄ ጽሕፈት ነበር።

ወጥቼ ነገርኳት። ሎሚ ቋጠሮዋን ፈትታ አምስቱን ብር እያየች ቆመች። «ደሊል ከአሥር አንድ ነው ብሎኝ ነበር» አለች። «ሰባ ብር ተናግሬ እንዴት አሥራ አራት መጣ? ያጎደልኩት ነገር አለ? ያላመናችሁኝ ስለዚያ ነው?»

የእጥፉን ነገር ለውጭ ሰው መናገር አይፈቀድልንም ነበር። የተናገረ ጸሐፊ እንጀራው ያልቃል። ቆሜ አየኋትና «እንጃ» አልኳት። ከአፌ የወጣችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

ዕቃ በቀረጥ ቤት የሚቆየው ሠላሳ ቀን ነው፤ ከዚያ በሐራጅ ይሸጣል። ዘጠኝ ብር ጎደላት። ለወፍጮው ዋጋ ጎረቤቱን ሁሉ አስቸግራለች፣ አሁን የምትሄድበት በር አልነበራትም። ሆራም ከላሟ በቀር የሚሸጥ ነገር እንደሌላቸው ነው የነገረኝ፤ ላሟ ደግሞ ተሸጣለች። ሎሚ ፈጨች። የሌሎች ፈጪዎችን ሥራ እየደረበች፣ የሠርግ እህል እየተቀበለች፣ ከድንጋዩ ላይ ሳትነሳ ፈጨች። በሳምንቱ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ሆራ በበቅሎ ሶደሬ አወረዳት፤ አራት ቀን እዚያ ባከነባት።

ስትመለስ በየጧቱ ወደ ቀረጥ ቤቱ ትመጣ ጀመር። ሣጥኑን እንድታይ በሩን እከፍትላታለሁ። በጣውላው ክፍተት እጇን ሰዳ የወፍጮውን እጀታ ትነካውና ትሄዳለች። እኔን አንድ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ደመወዛችን አራት ወር አልተከፈለም ነበር። ከጣቢያው ዘበኛ ሁለት ብር ተበድሬ ሰጠኋት። በሠላሳኛው ቀን የያዘችው ብር የእኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ነበር። ሦስት ጎደለ። ባላምባራስን አንድ ሳምንት ለመንኳቸው። እሳቸውም ከበላይ መርማሪ ሊመጣ ነው፣ ቀን ያለፈበት ዕቃ ቢገኝብኝ እጠየቃለሁ አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ሁሉም ሰው እውነቱን የሚናገርበት ወር ነበር፣ ሁሉም እውነት ደግሞ ሎሚን ይጎዳል።

ሐራጁ ቅዳሜ ሆነ። የብረት ወፍጮ ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው በከተማው ስላልነበረ ተጫራች ጠፋ። ደሊል ከድሬዳዋ በዚያው ጧት ባቡር ገብቶ ነበርና መጥቶ በአሥራ ስምንት ብር ወሰደው። አሥራ አራቱ ለቀረጡ ገባ፣ አራቱን ሎሚ ጣቷን ቀለም ውስጥ አጥልቃ ፈረመችና ተቀበለች።

ደሊል ወደ እሷ ሄዶ፣ «እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛው ነበር። ግማሹን ተናገሪ አላልኩሽም?» አላት።

«ምዬ?» አለችው።

እሱም ወፍጮውን ሱቁ በረንዳ ላይ ተከለው፤ የሚያዞርለት ሰው ሲፈልግም ከሷ የተሻለ አላገኘም። ሎሚ የራሷን ወፍጮ በቀን ሁለት መሐለቅ እየተከፈላት ታዞር ጀመር። ቆማ ነበር የምትፈጨው። የተሰፋው የቤቷ በር ብርድ ያስገባል ብላ በሰሌን ጋረደችው።

እኔ በዚያ በረንዳ ማለፍ ተውኩ። ስንዴዬን በሰው እልካለሁ፣ ወደ ገበያም በዙሪያ እሄዳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እንዳይጠራ እጸልይ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ጧት መዝገብ ዘርግቼ ሳለሁ ሎሚ ገባች። ዱቄት ለብሳለች፣ ከሥራ ነው የመጣችው። ፊቷ ላይ ደስታ አየሁና ደነገጥኩ።

«ጌታው፣ አገኘሁት» አለች።

«ምኑን፣ እመት?»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሁለት መሐለቅ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «ያን ዕለት ያጎደልኩትን። ሣጥኑ ድሬዳዋ ላይ ባቡር ውስጥ ሲገባ ሆራ ለተሸካሚዎቹ ዳቦ ገዝቶላቸው ኖሯል። ረስቶት ኖሮ ትናንት ለቅሶ ቤት ስናወራ ትዝ አለው። የሁለት መሐለቅ ዳቦ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስብ ነው የኖርኩት» አለች። «ምን ደበቅሁ፣ ምን አጎደልኩ እያልኩ። ለካ ምዬ ነው ያጎደልኩት። ወፍጮዬን የወሰደብኝ የመሐላው ነገር ነው እንጂ ሰው አይደለም። እኔ ግን እርስዎንም ባላምባራስንም በልቤ ሳማ ኖሬአለሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትይዝ ስትል እጇን ያዝኳት። መዳፏ የእጀታውን ቅርፅ ይዞ ደርቋል።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ባላምባራስ ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ ይሰማኛል፤ ግን ያገደኝ የሳቸው ሳል አይደለም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ወፍጮሽን ያጣሽው አጉድለሽ ሳይሆን ሳታጎድይ ነው ልበላት? በዚያ ጧት የነበራትን ዕረፍት እንኳ ልውሰድባት? ላለመናገሬ ምክንያት ፈልጌ አገኘሁ፤ ደግ ምክንያት ይሁን የፈሪ ምክንያት ዛሬም መለየት አቅቶኛል።

«ይጻፉልኝ» አለች።

የዚያ ዓመት መዝገብ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ ቆይቷል። ነጭ ወረቀት አወጣሁና እያየችኝ ጻፍኩ፤ ለተሸካሚዎች ዳቦ፣ ሁለት መሐለቅ። ማንበብ ባትችልም ቀለሙ እስኪደርቅ ጎንበስ ብላ አየችው።

«አሁን ሞላ?» አለችኝ።

«ሞልቷል፣ እመት ሎሚ» አልኳት።

«ገለቶማ፣ ጌታው» ብላ አመስግናኝ ነጠላዋን አስተካከለች። ደሊል እንዳይቆጣት ቶሎ መመለስ አለባት፤ ሐዲዱን ተሻግራ ወደ ወፍጮው ሄደች።