«አላውቅም» ይሉኝ የነበሩት አክስቴ

ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አራስ ልጄ ጡት ይዞ ወዲያው እየለቀቀ ሲያለቅስ፣ ጎረቤቶቼ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪለት» አሉኝ። እዚሁ አዳማ ያየው ሐኪም ምላሱ ከሥሩ በቀጭን ሥጋ ታስሯል፣ እሷ ብትቆረጥ መጥባት ሊቀለው ይችላል አለ። ቢሾፍቱ ያየችው ሐኪም ደግሞ መቁረጡ ላይረዳው ይችላል፣ መጀመሪያ አስተቃቀፍሽን አስተካክይ አለችኝ።

ሊያርሱኝ ከሞጆ የመጡት ትልቋ አክስቴ ግን፣ «እትዬ፣ ምላሱን ላስቆርጠው?» ስላቸው፣ «እኔ አላውቅም ልጄ» አሉ።

እንዲህ ነበሩ። የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ፤ ብለው ግን ትተውኝ አይሄዱም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከክርኔ ሥር ያደርጉልኝና፣ ልጁ እስኪጠባ ወይም ለቅሶ አድክሞት እስኪተኛ ከጎኔ አይነሱም። አንዴ ብቻ ሲቆጡ አየኋቸው። ጎረቤት የእንጥሉን ነገር ስታነሳ፣ «ይሄን እንኳ አውቃለሁ! የበኩር ልጄን የቀበርኩት እንጥሉን አስቆርጬ ነው» አሉ።

የምላሱን ነገር ሳንወስን፣ አክስቴ ባለፈው ሳምንት በተኙበት አረፉ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ልጄን እያየ ምክሩን ሰጥቶኝ ሄደ። ዛሬ ጋቢያቸውን ራሴ አጣጥፌ ከክርኔ ሥር አደረግኩት። ልጄ ያዘ፣ ለቀቀ፣ አለቀሰ። ሳላስበው ወደሚቀመጡበት ዞሬ፣ «እትዬ፣ ላስቆርጠው?» አልኩ።

አላውቅም የሚለኝ እንኳ አጣሁ።