የሚሎ ጣቶችና የሚስ ቫቭራ ፎጣ

ሚሎ ኮስትካ በሁለት ጣት ነበር የሚጽፈው። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አሥራ ስድስት ዓመት አምቡላንስ ላይ አብረን ሠርተናል፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ በሽተኛውን ይይዛል። በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ የሕፃን ደም ሥር በአንድ ጊዜ ያገኛል። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን አንዲት ፊደል ለማግኘት የጠፋች ጊደር የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሪፖርቱን እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው ማለት ነው።

እዚህ ኔብራስካ የከተማችን ክሊኒክ ከተዘጋ አራት ዓመቱ። ለጆሮ ሕመም እንኳ ሰባ ማይል መንዳት ነው። ሚሎ በአርባ አንድ ዓመቱ ተነሣና “የሐኪም ረዳት እሆናለሁ” አለ። ረዳት ይባል እንጂ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፤ ዶክተሩ ከሩቅ ቢቆጣጠረው ይበቃል። ሚሎ ከተመረቀ ክሊኒኩን ሊከፍቱለት አውራጃው ቃል ገብቷል።

የመግቢያ ፈተናው ነገር ግን ጉድ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት የሒሳብና የቃላት ፈተና አምጣ ይላል። ሌላው እሱን አላውቅም፣ የሰውነት ክፍልና የኬሚስትሪ ፈተና ነው የምፈልገው ይላል። ሦስተኛው ምንም አይጠይቅም፣ ግን የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሚሎ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከቤቱ እየተመላለሰ ሊማር የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እነሱ የሚፈልጉት የጠባይ ፈተና ነው። ኮምፒውተሩ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ያሳይሃል፤ ባልደረባህ ሰክሮ ሥራ ገባ እንበል። “አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?” ይልና ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። ጻፍ! በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትፈተነው።

እኔማ በሳቅ ሞትኩ። “በየቀኑ የምትኖረው እኮ ነው! ተኝተህ ታልፈዋለህ!” አልኩት።

በማግስቱ መለማመጃውን ሞክሮ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ምን ያህል ጻፍክ?”

“ሰዓቱ ሲያልቅ ‘በመጀመሪያ ደረጃ’ የሚለው ላይ ነበርኩ” አለኝ።

ይህን ስናወራ ሚስ ቫቭራ ከኋላ ቃሬዛው ላይ ነበሩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአረጋውያን ቤት ወስደን ለኩላሊት እጥበት እናደርሳቸዋለን። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማውን ልጅ ሁሉ ታይፕ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የማይፈራቸው ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

“አንድ ዓመት ክፍሉን በሙሉ አሳልፌ አንድ ልጅ ብቻ ነው የጣልኩት” አሉ። “ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ዳርላ?”

“ኧረ ሚስ ቫቭራ፣ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ እኮ!” አለ ሚሎ።

“ዓመቱ አለፈ። አንተ አላለፍክም።”

ረቡዕ ዕለት ዶሮ የታተመበት የወጥ ቤት ፎጣ ይዘው መጡ። የሪፖርቱን ኮምፒውተር የሚሎ ጉልበት ላይ አስቀመጡትና እጁን ከነቁልፎቹ በፎጣው ሸፈኑት። “ቁልፉን አታይም! ጣቶችህ ቤታቸውን ይወቁ!” ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሰባ ማይል ሄደን ሰባ ማይል ስንመለስ፣ ከኋላዬ የምሰማው ይህንኑ ነበር። የፈተናውን ጥያቄ ደግሞ ከራሳቸው ያወጣሉ።

“ሾፌርህ ዳርላ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ትነዳለች። ምን ታደርጋለህ?”

ሚሎ ፎጣው ሥር ቁልፎቹን አንጣጣቸው። ሚስ ቫቭራ ገልጠው አነበቡ፤ “ቀበቶዬን አስራለሁ።”

“አንተ ከሃዲ!” ብዬ ጮህኩ።

“አጭር ነው” አሉ ሚስ ቫቭራ። “ምክንያትህስ? ዳርላስ ምን ይሰማታል?”

“ዳርላ ምንም አይሰማትም” አለ። መሪውን ባልይዝ ኖሮ አሳየው ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቤቱ በልጆች ጫጫታ ስለማይሆን አረጋውያኑ ቤት አንዲት ክፍል ሰጡት። ያን ቀን ቁጥር እየተጠራ የሚጫወቱት ቢንጎ ነበረ። ሚስ ቫቭራ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በሩ ላይ ገትረው “ቁጥር የሚጠራው ሰው ያንሾካሹክ!” ብለው አዘዙ። በስመ አብ! ግማሹ የማይሰማ ሽማግሌና አሮጊት ያን ቀን ቢንጎ በሹክሹክታ ተጫወተ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ሚሎ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ስለ ጥያቄው ማውራት ክልክል ነው፤ ግን አላስቻለውም።

“አንድ ተማሪ ጠባዩ መልካም ነው፣ ይጥራል፣ ሥራውን ግን ገና አልቻለም። አስተማሪው ብትሆን ታሳልፈዋለህ? ብለው ጠየቁኝ።”

“እና ምን አልክ?” አልኩት።

“‘እጥለዋለሁ’ አልኩ። ‘እኔን አንዲት አስተማሪ ጥለውኝ ሃያ አምስት ዓመት ተቀይሜያቸው ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው ግን ቁልፉን ሳላይ ነው። ስለዚህ እጥለዋለሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፎጣ ይዤ እጠብቀዋለሁ’ አልኩ።”

ሚስ ቫቭራ ወንበራቸውን ወደ ቢንጎው አዙረው “በሉ፣ አሁን ጮክ ብላችሁ ጥሩ!” አሉ። አርባ ዓመት ሳውቃቸው ከተማሪ ፊት ሲዞሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጥበቃ መጣ። ለቃለ መጠይቅ ጠሩት፣ ሄደ፤ እንደገና ዝም። ጥር ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ በረዶው ውስጥ እየነዳሁ ከኋላ የሚሎ ስልክ ጮኸ። “ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል ነው” አለ። መኪናውን ዳር አቁሜ ዞርኩ።

“ምን አሉ? ተናገር እንጂ!”

“ተቀበሉኝ” አለ። እኔ መሪውን ስደበድብ ጥሩምባው ጮኸ።

“በል፣ መልስ አሁኑኑ ይጻፋል” አሉ ሚስ ቫቭራ። ኮምፒውተሩን አስከፈቱት፣ ፎጣውን ጣል አደረጉበት። ሚሎ ጻፈ፤ እንባው በአገጩ ይወርዳል። ሲጨርስ ገልጠው አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው አነበቡ።

“ሦስት ስህተት” አሉ። “እንደገና!”

ሚሎ እጆቹን ቁልፎቹ ላይ መልሶ ፎጣው እስኪመጣለት ጠበቀ። አልመጣለትም፤ ሚስ ቫቭራ ዓይናቸውን እየጠረጉበት ነበር።