ከሙዙ ላይ የጠፋችው ጭረት

ሉፔሲና «ሞክሬዋለሁ» ያለችው ሳትሞክር ነበር። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው።

እሷና ታኒዬሉ ላ'ኡሉ በሳሞአ ዋና ከተማ በአፒያ አብረው የሚማሩ ተማሪዎች ናቸው። ሕፃናት በሳሞኛ ቃላት ኮምፒውተር የሚያዙበት ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በፊት ጀምረው፣ ማንም አይቶ እንዲያርመው ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። የቀራቸው ልጆቹ የሚጽፉትን ቃል በቃል እየለየ ለማሽኑ የሚያስረዳ የኮድ ተንታኝ መምረጥ ነበር። ሉፔሲና ዓለም ሁሉ የሚያወራለትን ፈጣኑን መረጠች። ታኒዬሉ ደግሞ ስሙን ማንም የማያውቀውን ዘገምተኛ ካልያዝን አለ።

«ለዚህኛው ፊደል ምን እንደሆነ ራስሽ ትነግሪዋለሽ» አላት። «ያንቺው ግን ድምፅ ቃል መሃል ሲቋረጥ የምንጽፋትን ጭረት ሲያይ ጥቅስ የተከፈተ ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ያለ ጭረት ምን እንጽፋለን?»

«አንተ ሰውዬ፣ ፈረስ እያለልህ ኤሊ ካልጋለብኩ ትላለህ! ሞክሬዋለሁ አልኩህ እኮ፣ ይሠራል።»

አመናት። በማግስቱ ስትሞክረው አልሠራም። ሰው «ተሳስቻለሁ» ቢል ምን ይጎድልበታል? ሉፔሲና ግን ሞቷን ትመርጣለች። ተንታኙ ከማንበቡ በፊት ጭረቶቹን በሙሉ ጠራርጎ የሚያጠፋ አንድ መስመር አስገባችና ከለውጡ ጎን «ጥቃቅን ጽዳት» ብላ ጻፈች። ስህተቱ ጠፋ፣ እሷም እፎይ አለች።

ከወር በኋላ ፕሮግራሙን ይዘው እሷ ፊደል ወደ ቆጠረችበት የመንደር ትምህርት ቤት ሄዱ። የያኔ አስተማሪዋ መምህርት ሎሳ ከወደዱት ዓመቱን ሙሉ ሊያስተምሩበት ነው። ምንጣፉ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ፋ'ኢ 3» ብላ ጻፈች፤ ሙዝ ሦስት ማለቷ ነው። ጭረቷ ስትወልቅ ግን ቃሉ «ፋይ» ሆነ፤ «አድርግ» ማለት። ማሽኑም «ሦስት ጊዜ ምን ላድርግ?» ብሎ መለሰ።

«ሙዙን ላጠው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ጥፋቱ የራሷ መስሏት እጇን ሰበሰበች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መምህርት ሎሳ አልሳቁም። «ማነው ይህን የሠራ?»

ታኒዬሉ ሉፔሲናን አየት አደረጋት። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ስትተክል፣ «ጥፋቱ የኛ ነው መምህርት። እኔ ደግሜ ማየት ነበረብኝ» አለ።

«አንተ የከተማ ልጅ! ቋንቋህን መንገድ ላይ ጥለኸው ነው የመጣኸው?» አሉና ወደ ሉፔሲና ዞሩ። «ይቺን ብታሠራት ምን አለበት? ጭረት በረሳች ቁጥር ጠመኔ አስይዤ ሰሌዳ ሙሉ ያስጻፍኳት ተማሪዬ ናት። እሷ እንዲህ አትሠራም።»

ሉፔሲና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ምስጋናው ነው የለበለባት።

«እኔ ነኝ» አለች። ወደ መምህርቷ ተጠግታ ደገመችው። «እኔ ነኝ መምህርት። እሱ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ዋሽቼው ነው።»

መምህርቷ ወደ ልጅቷ አመለከቱ። «በይ ለልጅቷ ንገሪያት» አሉ። ሉፔሲና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ያንቺ ልክ ነው የኔ ቆንጆ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለቻት። ፕሮግራሙን ግን አልተቀበሏቸውም። «ሙዙ ሙዝ ሲሆን ትመለሳላችሁ» ተብለው ተሰናበቱ።

አውቶቡስ ውስጥ ታኒዬሉ፣ «አሁን እንደ አገራችን ወግ ይቅርታ ለመጠየቅ ምንጣፍ ተከናንበሽ ደጃፌ ልትቀመጪ ነው? እናቴ ወጥታ ምንጣፉን አንስታ ይቅር እስክትልሽ ዝናብ ይጨርስሻል» ብሎ ቀለደባት። ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ቤቷ እንደገባች ኮምፒውተሯን ከፈተች። ያንን መስመር አጠፋችና ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በስሟ፣ «ጭረቶቹን የጠረግኳቸው እኔ ነኝ። ታኒዬሉ ልክ ነበር» ብላ ጻፈች። የአባቱንም ስም ልትጨምርበት ብላ የሠሪዎቹን ዝርዝር ገለጠች። ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የጻፈችው ዝርዝር ነው። «ታኒዬሉ ላኡሉ» ይላል። ጭረት የለውም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን እንዲያ ሆኖ ሲያየው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተናገራትም።