ከመኪናው ያልወረደችው አክስቴ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ቅጥነቷንም ምላሷንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ «መርፌ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አሥር መርፌዎች ላይ ክር አስገብቼ መጋረጃው ላይ እሰካላታለሁ፤ ቀሪውን በእጇ እያዳበሰች ትጨርሰዋለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዓለም ለእሷ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ነው።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ትለኛለች፣ እጅጌውን አንገቱ ላይ ልትሰፋው ስትል ስይዛት።

የዓይን ሐኪም ያለው ከተማ ነው። መንገዱን ግን መሀል ላይ ጎርፍ ቆርጦት ትልቅ ቦረቦር ሆኖ ነበር። እዚያ ሲደረስ ሹፌሩ ያቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ይሻገራል፤ ባዶው መኪና እየተንገዳገደ ይከተላል። ለዚህ ሁሉ መከራ የሚከፈለው ደግሞ እጥፍ ነው። «ጎማና ባሌስትራው የሚያልቀው እኮ የእናንተ ሳይሆን የእኔ ነው» ይላል ሹፌሩ። የሁለታችን ደርሶ መልስ የአንድ ወር ስፌቷን ይውጣል። ቢከፈልስ? በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ዓይኗ ቦረቦሩን አትወርደውም። አቤቱታ ጻፍን፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ለመድኩት። የማፍረው በመልመዴ ነው።

ዘንድሮ ሳይታሰብ ማሽኖች መጡ። ድልድይ ተሠራ፣ ጠጠሩ ተደለደለ፣ ታሪፉም በግማሽ ወረደ። በሳምንቱ አክስቴን ይዤ ተሳፈርኩ።

መኪናው ይንሸራተታል። የጠዋቱ ጭጋግ ማሳውን ሸፍኖት ለአንድ አፍታ እኔም በእሷ ዓይን ያየሁ መሰለኝ። ግማሹ ተሳፋሪ ያንቀላፋል። ድንገት ሹፌሩ እንደ ድሮው ቦረቦሩ ቦታ ላይ አቆመ። ማንም ሳያዘን ወረድን፣ ጫማችንን አወለቅን፣ በጭጋጉ ውስጥ ተራ በተራ ተራመድን። እግሬ ያገኘው ደረቅ ሲሚንቶ ነበር። መኪናው በአጠገባችን ቀስ ብሎ ሲያልፍ ከመስኮቱ የአክስቴ ድምፅ ወጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው? መንገዱ ተሠርቷል እኮ! ዕውሯ እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?»

ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። በልማድ እሷን እንኳ ትቼ ወርጄ ነበር።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን በመብራት ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ቀኙን እናድነዋለን፣ እማማ። የግራው ግን መሽቶበታል። ዓምና ቢመጡ ኖሮ…»

«ዓምናማ መንገዱ የት ነበር፣ ልጄ?» አለችው፣ ሳትቆጣ።

በዚያው ቀን ቀኝ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከግንባሬ በላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አንቺ፣ ይሄ ሽበት መቼ ወጣ? እኔ ሳላይሽ?»

እኔ ለመሳቅ ሞከርኩ። እሷ ግን አለቀሰች፤ እንባዋም ከሁለቱም ዓይኖቿ ወረደ።