ሸዋገነት እና በሩ ላይ የነበረው ጤና አዳም

ሸዋገነት ጀርመን አገር፣ ፌኸንሃይም ውስጥ፣ ማይን ወንዝ ዳር ያለችው ጋርተኗ፣ የአትክልት ቦታዋ፣ በር ላይ ጤና አዳም ተክላ ነበር። ዘሩን ከአገር ቤት በሻሽ ቋጥራ ነው ያመጣችው። ጤና አዳም ደግሞ አይከለከልም፤ ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ ደንብ ነው። ጥፋቷ በር ላይ መትከሏ። ከቤተክርስቲያን የሚመለሰው ሐበሻ ሁሉ እጁን በአጥሩ ሰዶ «አንድ ዘለላ ብቻ፣ እመቤቴ» እያለ ይቀነጥሳል። ሁሉም የሚወስደው አንድ ዘለላ ብቻ ነው። ማን ሁለት ወሰደ ይባላል?

ሸዋገነት እንቢ ማለት አልፈጠረባትም። አዛውንት በምትጦርበት ሃይም አለቃዋ ሥራ ስትጨምርባት በጀርመንኛ «ያ፣ ያ»፣ እሺ፣ እሺ፤ የቀረ ሰው ተኪልን ሲሏት «ያ፣ ያ»። በሩ ላይም ያው፣ ውሰዱ፣ ምን ችግር አለው።

በፈረንጅ 2011 ዊንተሩ ሲወጣ ጤና አዳሙ ከታች እንጨት፣ ከላይ የገረጣ ጭራ ሆኖ ቀረ። የጎረቤት ዛፍ ፀሐይ ጋርዶበታል፣ ሥሩ ውሃ አቁሯል፣ የተረፈውን ሰው ጨርሶታል። ጎረቤቷ ሽማግሌው ጀርመን አጎንብሶ አየና፣ ሬሳ እንደመረመረ ሐኪም ከንፈሩን መጦ፣ «ካፑት»፣ አለቀለት፣ ብሏት ሄደ።

ያኔ ደሟ ፈላ። አካፋ አንስታ ዙሪያውን ቆፈረች፣ ሥሩን ከነአፈሩ አቅፋ አወጣችው። ከአትክልት ቦታዋ ጎጆ ጀርባ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ አፈሩን በአሸዋ ለውሳ ተከለችው። እንጨቱ ላይ ዝቅ ብሎ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያበጠ አረንጓዴ ነገር አየች። ከሱ በላይ ያለውን ሁሉ በመቀስ ከረከመችው። ስንዝር የማይሞላ ጉቶ ቀረ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ መቀንጠስ የለመዱት እትዬ መነን መጡ። እጃቸው በልማድ በአጥሩ ገባ፣ አየር ጨብጦ ወጣ። ከጎጆው ጀርባ ጉቶውን ሲያዩት ደረታቸውን ያዙ። ድምፃቸውን በአፍንጫቸው እየጎተቱ፣ «ሸዋዬዬ» እያሉ፣ ሰው የተከለከለ ጤና አዳም እንደሚደርቅ፣ ይኼም እናታቸው ደጅ በዓይናቸው ያዩት መሆኑን አስረዷት።

ያቺ «ያ፣ ያ» ሸዋገነት አፍ ላይ ደረሰች። ዋጠቻት።

«እትዬ፣ ሲሰጥ ነው የደረቀው። እስኪያገግም ማንም አይነካውም።»

«እኔም?»

«እርስዎ በተለይ።»

በሳምንቱ ቤተክርስቲያኑ በሙሉ ሰማ። ሸዋገነት ጀርመን ሆነች ተባለ፣ ስስት ገባባት ተባለ። ከቅዳሴ ወጥተው ባቡር ሲጠብቁ ሴቶቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው «እርስዎ በተለይ» እየተባባሉ ይስቃሉ። እሷም ሰማች። ቁልፍ ገዝታ የጋርተኑ በር ላይ አንጠለጠለች።

ግንቦት ላይ ጉቶው ዙሪያውን አቆጥቁጦ ጉልበት ደረሰ። እትዬ መነን «ለማየት ብቻ» ብለው ሲመጡ ከፈተችላቸው። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዞሩት። ሲያጎነብሱ አንደኛው እጅ ሾልኮ ወጣ።

«እትዬ» አለች ሸዋገነት፣ ውሃ ማጠጣቷን ሳታቆም።

እጁ ተመለሰ። ቅጠሉን የነኩበትን ጣታቸውን አሸተቱና፣ ደህና ሆኗል፣ ለከርሞ ትሰጪኛለሽ አሏት።

«ለከርሞ እናያለን» አለች።